ስለ ሰው አገር ጦርነት ስንከራከር

(ይህ ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈራችን የወጣቶች ውይይት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከቀረጻው ተገልብጦ ብዙም ሳይነካካ ቀርቧል።)

እንደምን ዋላችሁ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! እናቶችና አባቶችም መጥታችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። ቦታው ይበቃናል።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ 26 ዓመቴ ነው። እዚህ ካላችሁት ግማሾቻችሁ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። አዘጋጆቹ "በኢንተርኔት ላይ ስለሚደረገው የፖለቲካ ክርክር አንድ ነገር ይበሉን" ሲሉኝ ሁለቴ አላሰብኩም። ይሄ ነገር ሆዴ ውስጥ ከተቀመጠ ቆይቷል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስለ ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት በፌስቡክ፣ በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም አንድ ጊዜም ቢሆን ኮሜንት የጻፈ እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ከአዳራሹ ከግማሽ በላይ ነው። ጥሩ። እጃችሁን እንዳታወርዱ። አሁን ደግሞ ካርኪቭ የምትባለው ከተማ ከሩሲያ ድንበር ምን ያህል እንደምትርቅ የሚያውቅ ብቻ እጁን ያቆይ።

ሁለት እጅ ቀረ።

ላሳፍራችሁ ብዬ አይደለም የጠየቅኩት። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ቢሾፍቱ እንደመሄድ በሉት። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛ፣ በሰው አገር ጦርነት ውስጥ ወገን የምንይዘው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ሼር የምናደርገው ምኑን ነው? ሦስተኛ፣ የጻፍነውን ማን ነው የሚያነበው? ሦስተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ቢቀየር ታገሡኝ።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። "የሰው አገር ጉዳይ ምን አገባችሁ፣ ዝም በሉ" ልላችሁ አልመጣሁም። እንዲህ የሚል ኢትዮጵያዊ ካለ የራሱን ታሪክ ረስቷል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን፣ ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ለእኛ ብለው አደባባይ ወጥተዋል። ኢትዮጵያን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። ግን ጮኹ፣ ገንዘብ አዋጡ። ጆን ሮቢንሰን የሚባል አውሮፕላን አብራሪ ከቺካጎ ድረስ መጥቶ አነስተኛውን የአየር ኃይላችንን መርቷል። ሜክሲኮም የጣሊያንን ወረራ አላውቅም ብላ ጄኔቭ ላይ ተከራክራልናለች። ታክሲ የምትሳፈሩበት ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። እዚያም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ "ኢትዮጵያ" የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ስለዚህ የሩቅ ሰው ድምፅ ዋጋ አለው። እኛ ራሳችን ያየነው ነው።

ደግሞስ ጦርነቱ የሰው አገር ብቻ ነው ወይ? በ2014 የጸደይ ወራት ባለ 5 ሊትር ዘይት ከሺህ ብር ሲያልፍ ታስታውሳላችሁ። ሱቅ ገብታችሁ ዋጋ ጠይቃችሁ ባዶ እጃችሁን የወጣችሁ አላችሁ። ዩክሬን በሱፍ ዘይት ንግድ ከዓለም ቀዳሚዋ ነበረች። ወደቦቿ ተዘጉ። ሐምሌ 15 ቀን 2014 ኢስታንቡል ላይ ስምምነት ተፈርሞ ነው እህል የጫኑ መርከቦች መውጣት የጀመሩት። ብሬቭ ኮማንደር የምትባል መርከብ 23,000 ቶን ስንዴ ይዛ በነሐሴ መጨረሻ ጅቡቲ ደረሰች። ስንዴው ለእኛው አገር የእርዳታ እህል ነበር። እዚያ የተተኮሰው እዚህ ማድቤት ገብቷል። እና ተናገሩ! መናገር መብታችሁ ነው። እኔ የምጠይቀው እንዴት እንደምንናገር ነው።

እሺ። ወደ መጀመሪያው ልግባ።

ጦርነቱ የተጀመረው የካቲት 17 ቀን 2014 ነው። ሳምንት ሳይሞላ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሩሲያ ጦሯን እንድታስወጣ የሚጠይቅ ውሳኔ ላይ ድምፅ ሰጠ። ቀኑ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? የካቲት 23። የአድዋ ቀን! እኛ ምኒልክ አደባባይ ላይ ሆነን ወራሪ ስለተመለሰበት ቀን ስንዘፍን፣ ኒውዮርክ ላይ ስለ ሌላ ወረራ እጅ ይወጣ ነበር። 141 አገር ደገፈ፣ 5 ተቃወመ፣ 35 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ኬንያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ ደገፉ። ሱዳን ተአቀበች። ኤርትራ ከአምስቱ ተቃዋሚዎች አንዷ ነበረች። ኢትዮጵያ ድምፅ ሲሰጥ አልነበረችም። አንድ ጎረቤታሞች ነን፣ አራት ዓይነት አቋም ያዝን።

የዚያን ዕለት ማታ ፌስቡክ ከፍቼ አየሁ። ክርክሩ ስለ ዩክሬን ነበር? አይደለም። አንዱ "ሩሲያ በአድዋ ጊዜ ቀይ መስቀል ልካልናለች" ይላል። እውነት ነው፣ ልካለች። እኔም ወንድሜ የተወለደው ባልቻ ሆስፒታል ነው፤ የሩሲያ ሐኪሞች ስም ቤታችን ውስጥ በምርቃት ነው የሚነሳው። ሌላው ይመጣና "በ1969 ሶማሊያ ስትወረን ማን ነበር መሣሪያ የሰጠን?" ይላል። እሱም እውነት ነው። ሌላኛው ደግሞ "ያ መሣሪያ ደርግ እጅ ገብቶ ስንቱን ልጅ ፈጀ" ይላል። ይሄም እውነት ነው፤ ልጁን ያጣ ቤት ያውቀዋል። ከዚያ አንዱ "ምዕራባውያን በእኛ ጦርነት ጊዜ ምን አደረጉን?" ብሎ ይቆጣል። ቁጣው ይገባኛል። ከየት እንደመጣም አውቃለሁ።

ግን ልብ በሉልኝ። ከሁለት መቶ በላይ ኮሜንት አነበብኩ። አንድም ቦታ ላይ ዩክሬናዊ የለም! ሩሲያዊም የለም! ያለነው እኛ ነን። አድዋ አለ፣ ኦጋዴን አለ፣ ደርግ አለ፣ የራሳችን ያልዳነ ቁስል አለ። የኪየቭንና የሞስኮን ልብስ አልብሰን የምንከራከረው የራሳችንን ጉዳይ ነው። ለዚህ ነው ክርክሩ የማይቋጨው። ለዚህ ነው ስለማናውቀው ከተማ ስንጽፍ እጃችን የሚንቀጠቀጠው።

በነገራችን ላይ፣ የኬንያው አምባሳደር ማርቲን ኪማኒ ወረራው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ጸጥታው ምክር ቤት ላይ ያደረገውን ንግግር ፈልጋችሁ ስሙት። እሱም ያወራው ስለ አፍሪካ ነው። ግን እንደኛ አይደለም። ድንበራችንን የሠመሩልን ለንደን፣ ፓሪስና ሊዝበን ተቀምጠው ነው አለ። በየድንበሩ ማዶ ወገን አለን። ሆኖም ያንን ልናስተካክል ጦር አንመዝም ብለን የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሕግ ተቀበልን አለ። ያ ድርጅት እዚችው ከተማ ውስጥ ነው የተመሠረተው። አያችሁ ልዩነቱን? የራስን ታሪክ ይዞ የሌላውን ሰው ሕመም መረዳት ይቻላል። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው የሌላውን ሕመም ይዘን የራሳችንን ቂም መወጣት ነው።

ቃላት ብቻ ናቸው እንዳትሉኝ። በሚያዝያ 2014 ሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ወጣቶቻችን ተሰልፈው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ለሩሲያ እንዝመት ብለው ነው። አንደኛው ተማሪዬ ነበር። ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን በላስቲክ ፋይል አድርጎ ብብቱ ሥር ይዟል። ዝናብ እንዳይነካው ደጋግሞ ያየዋል።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"ቲቸር፣ ሩሲያ እየመዘገበች ነው፤ ጥሩ ይከፍላሉ አሉ።"

"ማን ነው ያለህ?"

"ቴሌግራም ላይ።"

"የትኛው ከተማ ነው የምትዋጋው?"

ዝም አለኝ። ከዚያ "የላኩኝ ቦታ" አለ።

የላኩኝ ቦታ! እኔ ነኝ ያስተማርኩት። የዓለምን ካርታ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በኖራ እየሣልኩ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ኤምባሲው በኋላ ተዋጊ አንመዘግብም ብሎ አስታወቀ፤ ልጆቹም ተመለሱ። ግን በር ላይ ያደረሳቸው ምንድን ነው? ሥራ ማጣት ነው፣ አዎ። ከሥራ ማጣቱ ላይ ግን ቀን ከሌት የሚያነቡት ኮሜንት ነበረበት። "ኡራ ሩሲያ" ብሎ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የጻፈው ሰው ያንን ፋይል አላየውም።

አሁን ያቺን 40 ኪሎ ሜትር መልሱልኝ።

ሰፈራችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ አሉ። ዛሬ እዚህ የሉም፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ይህን ታሪክ እንድናገር ፈቅደውልኛል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በስኮላርሺፕ ሶቭየት ኅብረት ሄደው የተማሩት ካርኪቭ ነው። እሳቸው እስካሁን "ካርኮቭ" ነው የሚሉት። አምስት ዓመት ኖረውባታል። ማደሪያ ክፍላቸው ውስጥ ሦስት ነበሩ። አንዱ ዩክሬናዊ ነው፣ የዚያው የካርኪቭ ልጅ። ሌላው ሩሲያዊ ነው፣ የቤልጎሮድ ልጅ። ቤልጎሮድ ከድንበሩ ወዲያ ናት። ከካርኪቭ ቤልጎሮድ ከአዲስ አበባ አዳማ ከመሄድ አይበልጥም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱም አውቶቡስ ተሳፍረው የሩሲያዊው እናት ዘንድ ይሄዳሉ። ድንበር የሚባል ነገር የለም፣ ማንም አያስቆማቸውም። እናትየው ድንች ቀቅለው፣ የተቦካ ጎመን አቅርበው ይጠብቋቸዋል። ጋሼን "ቀጭኑ" ይሏቸው ነበር አሉኝ። ፎቶው አለ። ሦስቱ በካፖርት፣ በረዶ ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ።

የካቲት 22 ቀን ማታ ጋሼ ቤት ነበርኩ፤ ለአንድ የእድር ጉዳይ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። የካርኪቭ ክልል አስተዳደር ሕንፃ በሚሳኤል ሲመታ አሳየ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው የተነሡት። ስክሪኑ አጠገብ ሄዱ። "ይሄ እኮ ጄርዢንስኪ አደባባይ ነው" አሉ። በእሳቸው ጊዜ ስሙ እንደዚያ ነበር፤ አሁን የነጻነት አደባባይ ይባላል። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው "እዚች ጋ ጎስፕሮም አለ፣ ትልቁ የኮንክሪት ሕንፃ። እዚች ጋ ደግሞ ፈተና ስንጨርስ እንቀመጥ ነበር" አሉ። ጣታቸው የቆመበት ቦታ ጭስ ነበር።

የልጅ ልጃቸው እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ስልኩ ላይ ነው። ሳቀ።

"ምን አገኘህ?" አሉት።

አሳያቸው። ያው ፍንዳታ ነው። ያው ሕንፃ፣ በአማርኛ ተቀናብሮ፣ ዘፈን ገብቶበት። ሥሩ ላይ ልጁ ራሱ "ገና ምኑን አይተው!" ብሎ ጽፏል።

ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብለው መነጽራቸውን አወለቁና ተቀመጡ። ልጁ ያጠፋው ነገር ምን እንደሆነ አልገባውም፤ አያቱን አየ፣ እኔን አየ። አንድ ክፍል ውስጥ ነን። አንድ ከተማ ነው የሚያዩት። አንዱ ሕይወቱን ያያል፣ አንዱ ቪዲዮ ያያል።

ቆይቶ እንደሰማሁት ቤልጎሮድም በመድፍና በሮኬት ተመታች። በታኅሣሥ 2016 አንድ ቀን ብቻ ከ20 በላይ ሲቪሎች ሞተውባታል። ጋሼ የዚያን ቀንም እንደዚያው ነበር የሆኑት። እሳቸውን "ወገንዎ ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቋቸው እስቲ። ማን ማንን እንደወረረ አጥርተው ያውቃሉ፣ በግልጽም ይናገራሉ። ግን የአንዱንም እናት ሞት ላይክ አያደርጉም።

ሁለተኛው ነጥቤ አጭር ነው። ሼር የምናደርገው ምኑን ነው?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። በዚያው ሰሞን ለክፍሌ ቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቪዲዮ ላክሁ። ሌሊት ነው፣ ሄሊኮፕተር ተመትቶ ይወድቃል። "ተማሪዎች፣ ጦርነት ማለት ይህ ነው" ብዬ ጻፍኩበት። አምስት ደቂቃ አልሞላም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ይሄ ጌም ነው። አርማ 3 ይባላል። ወንድሜ ይጫወተዋል" ብላ መለሰች። 140 ተማሪ ያለበት ግሩፕ ነው። አጠፋሁት። በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ፣ ተሳስቻለሁ አልኩ። ልጅቷንም አመሰገንኩ። በዚህ አፌ "ማስረጃ አምጡ" እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ እኔው አላጣራሁም።

የጌሙ ሠሪ ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ የሚባል የቼክ ኩባንያ ነው። እሱ ራሱ በ2015 ኅዳር ላይ መግለጫ ለማውጣት ተገዷል። የጌሙን ቪዲዮ እንዴት እንደምትለዩ ነገረ። ብዙውን ጊዜ ጨለማ ነው። ካሜራው ይንቀጠቀጣል። ጥራቱ ሆን ተብሎ ይወርዳል። ድምፅ የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ሲንቀሳቀስ አይታይበትም። ይቺን መጨረሻዋን ያዙ። ሰው የሌለበት ጦርነት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ውሸቱ ደግሞ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። "የኪየቭ መንፈስ" የተባለው፣ ብዙ የሩሲያ አውሮፕላን ጣለ የተባለው አብራሪ፣ እዚህም አማርኛ ቪዲዮ ተሠርቶለት ነበር። በሚያዝያ 2014 የዩክሬን አየር ኃይል ራሱ አፈ ታሪክ ነው አለ። በእባብ ደሴት ሞቱ የተባሉት 13 ድንበር ጠባቂዎች በሕይወት ተማርከው ተገኙ። በዚህ ወገን ደግሞ ቡቻ የምትባለውን የዩክሬን ከተማ አስታውሱ። የሩሲያ ጦር ከለቀቃት በኋላ መንገድ ላይ የሰው አስከሬን ተገኘ። ሞስኮ "የተቀናበረ ትዕይንት ነው" አለች። የአማርኛ ገጾችም ይህንኑ ተቀባበሉት። የሳተላይት ፎቶዎቹ ግን እነዚያ አስከሬኖች ጦሩ ገና ከተማዋን ይዞ ሳለ መንገዱ ላይ እንደነበሩ አሳዩ። አያችሁ፣ ሁለቱ ውሸቶች እኩል አይደሉም። አንዱ ያልነበረ ጀግና ይፈጥራል፣ አንዱ የተገደለን ሰው እንደገና ይገድላል። እውነትን ስንፈልግ "ሁሉም ይዋሻል" ብለን ማምለጥ የለብንም። የትኛው ውሸት ማን ላይ እንዳረፈ ማየት አለብን።

"ሰበር!" ብለው በቀይ የሚጽፉትን ዩቲዩበሮች ታውቋቸዋላችሁ። ዛሬ ፑቲን ሞተ፣ ነገ ዘለንስኪ ሸሸ። በጠቅታ ነው የሚከፈላቸው። የእናንተ ንዴት ለእነሱ የቤት ኪራይ ነው። እኔ አሁን ከራሴ ጋር አንድ ውል ገብቻለሁ። ካርታ ሳልከፍት ኮሜንት አልጽፍም። ቦታውን እፈልጋለሁ፣ ከየት ወዴት እንደሆነ አያለሁ፣ ስንት ሰው እንደሚኖርበት አነባለሁ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። አሥር ደቂቃ ስፈልግ ንዴቴ ይበርዳል። ብዙ ጊዜ ኮሜንቱንም እተወዋለሁ።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። ውሃ ልጠጣ እስቲ።

የጻፍነውን ማን ያነበዋል?

ታናሽ እህቴ ቤይሩት ናት። 11 ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። የወደቡ ፍንዳታ በሐምሌ 2012 ሲፈነዳ እዚያ ነበረች። በመስከረም 2017 እስራኤል ሊባኖስን መደብደብ ስትጀምርም እዚያው ነበረች። አሠሪዎቿ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ተራራው አካባቢ ሸሹ። እሷን "ቤቱን ጠብቂ" ብለዋት ሄዱ። ይሄ የእሷ ብቻ አይደለም። በዚያ ሰሞን ስንት የእኛ እህቶች የሚገቡበት አጥተው ባሕር ዳርቻ ላይ አድረዋል። ፓስፖርታቸው አሠሪ እጅ ነው። ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው፣ ከፋላ የሚሉት ሥርዓት እንደዚያ ነው።

አንድ ሌሊት በኢሞ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እስካሁን አላጠፋሁትም። መጀመሪያ ድምፅዋ አይደለም የሚሰማው። ዝዝዝ የሚል ነገር ነው።

"ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ድሮን ነው። ሌት ተቀን አይቆምም። የደረጃው ሥር ተቀምጠናል፣ ሦስት ሆነን፤ አንዷ የጅማ ልጅ ናት፣ አንዷ የወሎ።" ትንሽ ዝም ትላለች። "አማርኛ ዜና ልይ ብዬ ፌስቡክ ከፍቼ ነበር። የቱ ሰፈር እንደሚመታ የሚል ካለ ብዬ። ሥሩ ላይ ሰዎች ይሰዳደባሉ። አንዱ 'ይበላቸው፣ አመድ ትሁን' ይላል። ቤይሩትን ነው። ሌላው ደግሞ እስራኤል ያሉትን ልጆቻችንን ይረግማል። ወንድም ጋሼ፣ እኛ እዚህ መሆናችንን አያውቁም እንዴ?"

እኛ እዚህ መሆናችንን አያውቁም እንዴ?

እኔ ይህን ጥያቄ መመለስ አልቻልኩም። እናንተ ትችላላችሁ?

አማርኛ ትንሽ ቋንቋ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ቋንቋ የሚጻፍ ኮሜንት ቤይሩት ደረጃ ሥር ይነበባል። እስራኤል፣ አሽቀሎን ውስጥም ይነበባል። ቤተ እስራኤላዊው አበራ መንግሥቱ ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ጋዛ ውስጥ ተይዞ ከአሥር ዓመት በላይ ሲቆይ፣ ወላጆቹ የሚያለቅሱት በአማርኛ ነበር። በየካቲት 2017 ሲለቀቅ የተቀበሉትም በዚሁ ቋንቋ ነው። ሪያድ ያለች፣ ዱባይ ያለች፣ ዋሽንግተን ያለ፣ ሁሉም ያነባል። "ይበላቸው" ስትሉ "እነሱ" ውስጥ ማን እንዳለ አታውቁም። ስለ ጋዛ ሕፃናት መጮህ ትክክል ነው፤ ጩኹ። ታግተው ስለተወሰዱት መጮህም ትክክል ነው። የአንዱን ሙት አንሥቶ የሌላውን ሙት መሳቂያ ማድረግ ግን ምንድን ነው? በአገራችን ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚስቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርጉም ነው የሚባለው።

ደግሞ እኛ የዚህን ሕመም በራሳችን ቀምሰነዋል። ሁለት ዓመት ጦርነት ውስጥ ነበርን። መቀሌ፣ ወልድያ፣ ጭፍራ፣ ስሙን ልጥራው ብል ቀኑ አይበቃም። በዚያን ጊዜ አብሮኝ የሚያስተምር የመቀሌ ልጅ ነበር። ስልክ ተቋርጦ የእናቱን ድምፅ ከሰማ አንድ ዓመት አልፎታል። የእኔ አክስት ደግሞ ወልድያ ናት፤ የት እንደገባች አናውቅም። ሁለታችን መምህራን ክፍል ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። አንድ የውጭ አገር ሰው ትዊተር ላይ የአገራችንን ካርታ ለጥፏል። ቀይ ቀስት፣ ሰማያዊ ቀስት። ከላዩ ላይ የፈንዲሻ ምስል አድርጎበታል። ፊልም እንደሚያይ ማለት ነው። ሥሩ ላይ የማያውቁን ሰዎች "እኔ ለዚህ ወገን ነኝ"፣ "እኔ ለዚያ" እያሉ ይወራረዳሉ።

እኔና ጓደኛዬ በዚያ ወቅት ስለ ጦርነቱ አንስማማም ነበር። ብዙ ጊዜም ተጣልተናል። ያንን ፈንዲሻ ስናይ ግን ሁለታችንም እኩል ነው የታመምነው። እሱ የእናቱን ከተማ ነው የሚያየው፣ እኔ የአክስቴን መንገድ። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሻይው ቀዘቀዘ።

አሁን እኔን የሚያስፈራኝ፣ ለካርኪቭ ሰው፣ ለጋዛ ሰው፣ ለቤይሩት ሰው፣ ለካርቱም ሰው ያንን ፈንዲሻ የምንይዘው እኛ መሆናችን ነው። ካርቱምን ስጠራ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጎረቤታችን ሱዳን እየነደደች ነው። ሚሊዮኖች ተፈናቅለዋል። መተማና ኩርሙክ ድረስ ተሰደው መጥተዋል፤ እኛው ዘንድ። ስለ ኪየቭ የጻፋችሁትን ያህል ስለ ካርቱም ጽፋችኋል? እኔም አልጻፍኩም። ይህን ቤታችሁ ስትገቡ አስቡበት።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ማይኩን ልልቀቅ።

ጋሼ የዚያን የዩክሬናዊ ጓደኛቸውን ልጅ በፌስቡክ አፈላልገው አገኟት። አባቷ አርፏል። እሷ ካርኪቭ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልጇ ጋር ምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነበር የምታድረው፤ ካርኪቭ በአባቷ ጊዜ የተሠራ ሜትሮ አላት። ጋሼ በሩሲያኛ ጻፉላት። መልሷን ያነበቡልኝ በረንዳቸው ላይ ሆነው፣ ቃል በቃል እየተረጎሙ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ በ2014 ነሐሴ። የእኛም ጦርነት በዚያው ሰሞን እንደገና አገርሽቶ ነበር።

"አባቴ ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ያወራ ነበር። ፎቶዎ እኛም ቤት አለ። እናንተ አገር ጦርነት አለ ሲሉ ሰማሁ። ቤተሰብዎ ደህና ነው? ሁላችሁም አላችሁ?"

ጋሼ ስልኩን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠሩት። ያንኑ ልጅ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የሩሲያኛውን ኪቦርድ እንዲያወጣላቸው ነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያሳዩት፣ እሱ በጣቱ እየተጫነ፣ "አለን። እናንተስ?" ብለው ጻፉ። ልጁ "ላክ" የሚለውን ከመጫኑ በፊት "አባባ፣ የልጇ ስም ማን እንደሆነ ልጠይቅልህ?" አላቸው።

ይኸው ነው። ጥያቄ ያላችሁ፣ ማይኩ ከኋላ ይጀምር።